ለቅሶ ያልደረሰው ፓቬል

ፓቬል መሞቱን የሰማሁት ደሴ ፒያሳ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። እሱ አገር ተምሮ የመጣ አንድ የድሮ ጓደኛዬ ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ ቆይቶ፣ «ያ የኮምቦልቻው ቼክ እኮ ሞተ፤ አልሰማህም እንዴ?» አለኝ። አልሰማሁም ነበር። ብርጭቆዬን አስቀመጥኩና ላዝን ስል ሳቅ ቀደመኝ። ጓደኛዬ ደንግጦ አየኝ። ምን ላድርግ፤ ፓቬል ሲነሳ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ያ የፈረደበት በግ ነው። ከሳቁ በኋላ ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ያንንም ጓደኛዬ ከሳቁ ቆጠረው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ኮምቦልቻ ላይ አንድ አነስተኛ የመንግሥት ዱቄት ፋብሪካ ሊቆም ታስቦ፣ ማሽኑ ከቼኮዝሎቫኪያ በመርከብ አሰብ፣ ከአሰብ በከባድ መኪና ኮምቦልቻ ገባ። ማሽኑን ተከትሎ ፓቬል መጣ። ማሽኑን ሊተክል፣ ሠራተኛውን ሊያሠለጥን ነው የመጣው። እኔ እዚያው አገር ጥቂት ዓመታት በነፃ ትምህርት ስለቆየሁ አስተርጓሚ ተደረግኩ። ሥራ አስኪያጁ «ከሱ እንዳትለይ» አለኝ፤ አልተለየሁም። የሰውየውን ቋንቋ ማስተርጎም ቀላል ነበር። ያስቸገረኝ ሰውየውን ራሱን ማስተርጎም ነው።

ቁመተ ረጅም፣ አንገቱ በኮምቦልቻ ፀሐይ ቀልቶ የተላጠ፣ ሃምሳን ያለፈ ሰው ነበር። የመጀመሪያውን ቀን በቁምጣ ሥራ ገባ። ሃምሳ ያለፈው ሰው፣ በቁምጣ! የፋብሪካው ዘበኛ አያ ወርቁ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣

«ሻንጣው መንገድ ላይ ጠፋበት እንዴ?» አለኝ።

«የለም፣ ሙቀቱን ፈርቶ ነው።»

«ታዲያ እኛን አይሞቀንም?»

በማግስቱ አያ ወርቁ ከቤቱ አንድ ሱሪ ጠቅልሎ አመጣለት። ፓቬል በስጦታው እጅግ ተደስቶ እዚያው መጋዘን ውስጥ ገብቶ ለበሰው። ነገር ግን ቁመታቸው የትና የት ስለሆነ ሱሪው ከጉልበቱ ትንሽ ወረድ ብሎ ቀረ። ከቁምጣው ያተረፍነው አንድ ስንዝር ብቻ ነው።

ከሱሪው ይልቅ የከበደው ሰላምታችን ነበር። ፎርማናችን ጋሽ ይማም የኩታበር ሰው ነው፤ ሰላምታ ከጀመረ ከልጆች ተነስቶ በከብት በኩል ዞሮ፣ ጎረቤት ሳይደርስ አያቆምም። ፓቬልን በየጠዋቱ «እንዴት አደርክ?» ይለዋል። ፓቬል ደግሞ ጥያቄ ከሆነ መልስ ይገባዋል ብሎ ያምናል።

«ደህና አላደርኩም» ይላል፤ እኔ አስተረጉማለሁ። «ትንኝ ነበር። ማታ የበላሁት ሽሮ ሆዴን ነፋኝ። ግራ ትከሻዬንም ያመኛል።»

ጋሽ ይማም አፉን ይዞ ቀረ። «አጂብ! እኔ ሰላም አልኩት እንጂ ልመርምረው አልኩ? ‹አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ› ይበልና ይለፍ በለው። ሆዱን ለሐኪም ይንገረው።»

ይህንን ነገርኩት። ፓቬል ትንሽ አሰበና፣ «መስማት ካልፈለጋችሁ ታዲያ ለምን ትጠይቃላችሁ?» አለኝ። 

ደግሞ የ«እንብላ» ነገር አለ። አያ ወርቁ ቀትር ላይ በሩ ሥር ምሳውን ይፈታና ላለፈ ላገደመው ሁሉ «እንብላ!» ይላል። ያገሩ ሰው «ብላ፣ ይባረክ» ብሎ ያልፋል። ፓቬል ግን ተጠራሁ ብሎ ቁጭ አለ፤ በላም። በማግስቱ እንደገና ተጠራ፤ እንደገና በላ። የአያ ወርቁ ፊት ሲከሳ አይቼ ፓቬልን ወደ ጎን ወሰድኩትና ወጉን አስረዳሁት። ሰውየው በእፍረት ቲማቲም መሰለ። በሚቀጥለው ቀን «ብላ፣ ብላ» ብሎ አለፈ። ይኸኔ አያ ወርቁ ብድግ ብሎ ጮኸብኝ።

«ምን ብለህ ነገርከው? ሚስቴ ለሁለት ሰው ቋጥራ! እኔ ምን በደልኩት?»

ከዚያ በኋላ ፓቬል በየቀኑ ከአያ ወርቁ ጋር በላ። ስሙንም አያ ወርቁ «ጳውሎስ ማለት ነው፤ የኛ ስም ነው» ብሎ ጳውሎስ አደረገው፤ ፋብሪካው በሙሉ ተቀበለው።

ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን ጋሽ ይማምን ነበር። ማሽኑ ላይ ሲሠሩ እኔን ይረሱኛል። አንዱ በቼክ፣ ሌላው በአማርኛ ይጮኻሉ፤ መፍቻ ይቀባበላሉ፤ ይሰዳደባሉ መሰለኝ፤ ደግሞ አብረው ይስቃሉ። እሑድ እሑድ የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ስንሄድ ፓቬል ለጋሽ ይማም ልጆች ከረሜላ ሳይገዛ አይመለስም።

ይህ ሁሉ ፍቅር በአንድ ቀን ፈረሰ። የጋሽ ይማም እናት ኩታበር ላይ አረፉ።

መርዶው እንደተሰማ ሥራ ቆመ። የፋብሪካው የጭነት መኪና ተነሳ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተሳፈረ። ፓቬል ዘይት የነካ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ያየናል።

«ና ውጣ እንጂ!» አልኩት።

«ወዴት?»

«ለቀብር ነዋ!»

«ሳልጠራ?»

«ለለቅሶ ደግሞ ማን ይጠራል?»

ራሱን ነቀነቀ። «እኛ አገር ሐዘንተኛ ብቻውን ይተዋል። ዘመድ ብቻ ነው የሚሄድለት። ባዕድ ሰው በሐዘኑ ቀን ሄዶ ፊቱ ላይ አይገተርበትም። ይማም ወዳጄ ስለሆነ ነው የማልሄደው።»

«ወዳጅህ ስለሆነ ነው የምትሄደው!»

ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። እሱም ግትር፣ እኔም ግትር፤ ትተነው ሄድን።

ኩታበር ላይ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ፈረንጁስ?» ጋሽ ይማም አልጠየቀኝም። ከሕዝቡ መሐል ግን በዓይኑ ሲፈልገው አይቻለሁ።

ፓቬል በነዚያ ቀናት ሥራ አልፈታም። ብቻውን እየዋለ የይማምን ድርሻ ጭምር ሠርቶ ጨረሰ። ሐዘንተኛ ሲመለስ ሥራ ተከምሮ እንዳይጠብቀው ብሎ ነው፤ የሱ ማስተዛዘኛ ይህ ነበር። ጋሽ ይማም ተመልሶ በበሩ ሲገባ እጁን ጨበጠውና እየጎተተ ወስዶ፣ በዚያች ባለችው አማርኛ «ይማም፣ ማሽን ጥሩ! ማሽን ጥሩ!» አለው።

ጋሽ ይማም ማሽኑን አየ። ፓቬልን አየ። እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀና ወደ እኛ ዞረ።

«እናቴን ቀብሬ ስመለስ ብረት ያሳየኛል? ወላሂ! እግሬ የዚህን ሰው ቤት አይረግጥም!»

የፓቬልን ሐሳብ ላስረዳው ብዙ ሞከርኩ። «ገባኝ» ይለኛል፤ ግን አልገባውም። እውነቱን ለመናገር ለኔም የገባኝ በጭንቅላቴ ብቻ ነው። ደግሞ ወላሂ ያለ ሰው እንደ ዋዛ አይመለስም።

ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው በሙሉ በፓቬል ላይ ቀዘቀዘ። ሥራ ያዛል፣ «እሺ» ይባላል፤ ሌላ ቃል የለም። ስለ ትንኙ የሚጠይቀው ጠፋ። አያ ወርቁ ምሳውን ሲበላ ጀርባውን ወደ በሩ አዞረ። አንድ ወሎዬ ጀርባውን ሰጥቶ ከበላ ከዚያ በላይ ፍርድ የለም። ፓቬል ለጥቂት ቀን ነገሩን ያላየ መሰለ። በኋላ አንድ ቀን መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ «እንብላ የሚለኝ ጠፋ» አለኝ። ኮምቦልቻ ላይ የሚቆይበት ጊዜ እያለቀ ነበር። «ማሽኑ እንደሆነ ይሠራል። ከይማም ሳልታረቅ ግን አልሄድም» አለ።

እኔም መካሪ ሆንኩና፣ «ባገራችን የተጣላ በሽማግሌ ይታረቃል፤ በግ ታርዶ፣ አብሮ ተበልቶ ቂም ይወርዳል» አልኩት። ይህን ብዬ ማረፌ ነው ጥፋቱ። እሱ «በግ» የሚለውን እንደሰማ ሌላውን አልሰማም።

በሳምንቱ ከሥራ በኋላ ሰዉን ሁሉ ቤቱ ጠራ። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ የሠፈሩ ሸህ መጡ፤ አያ ወርቁ መጣ፤ የፋብሪካው ካድሬ ጓድ ተስፋዬም መጣ። ጋሽ ይማም ተለምኖ ተለምኖ እስከ አጥሩ ድረስ መጣ፤ መሐላ አለበትና ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ቀረ። ግቢው ሥጋ ሥጋ ይሸታል። ፓቬል ሽርጥ አገልድሞ፣ ፊቱ በእሳቱ ቀልቶ፣ በደስታ ያበራል።

ሸሁ ቁጭ ብለው እንደ ወጉ፣ «ማን ነው ያረደው?» ብለው ጠየቁ።

አስተረጎምኩ። ፓቬል ደረቱን ነካ አደረገ። «እኔ!»

ሸሁ እጃቸውን ሰበሰቡ።

ለማያውቅ ላስረዳ። ወሎ ውስጥ ከአንድ እናት የወጡ ወንድምና እህት አንዱ ሙስሊም፣ አንዷ ክርስቲያን ሆነው በፍቅር ይኖራሉ። ሰርግ ሲሆን ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ይታረዳል፤ ሙስሊሙ ሙስሊም ያረደውን፣ ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን ይበላል፤ ከዚያ አብሮ ይጨፈራል። በሌላው ነገር ሁሉ ይቀለዳል፤ በሥጋ አይቀለድም።

«በቢስሚላህ ነው ያረድከው?» አሉ ሸሁ።

«አይደለም።»

አያ ወርቁ ተስፋ አድርጎ ተነሳ። «ጳውሎስ እኮ ነው ስሙ! በስመ አብ ብለህ ነው አይደል? አማትበሃል?»

ፓቬል ግራ ገባው። «አባቴ ባለ ሥጋ ቤት ነበር። ቢላዋው በጣም ስለት ነው፤ በጉ አልተሠቃየም። እኔ ደግሞ በምንም አላምንም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ባላስተረጉማት በወደድኩ። አስተረጎምኳት። ሙስሊሙ ወደ ቀኝ፣ ክርስቲያኑ ወደ ግራ ፈቀቅ አለ፤ በጉ መሐል ላይ ቀረ። በዚህ መሐል የአንድ ሽማግሌ ዓይን ጓድ ተስፋዬ ላይ አረፈ፤ ከዚያ የሁላችንም። ጓድ ተስፋዬ በየሳምንቱ ሰብስቦ ሃይማኖት ያረጀ ያፈጀ አስተሳሰብ መሆኑን የሚያስተምረን ሰው ነው።

«ጓድ ተስፋዬ» አሉ ሽማግሌው ረጋ ብለው፣ «ይሄ የርስዎ በግ ነው። ይቅረቡ።»

ጓድ ተስፋዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓዶች፣ እኔ እንኳ በመርህ ደረጃ... ግን ዛሬ ጨጓራዬ...» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ «እናቴ ብትሰማ ቤት አታስገባኝም» አለኝ።

በዚያው ቅጽበት አከራዩዋ እትዬ ዘነቡ ነገሩ ዘግይቶ ገባቸውና ከጓዳ «ወይኔ ድስቴ!» ብለው ጮኹ። ከአጥሩ ውጭ አንድ የታፈነ ድምፅ ተሰማኝ። ዞር ስል ጋሽ ይማም አጥሩን በአንድ እጁ፣ ሆዱን በሌላው ይዞ፣ ጀርባው ይንቀጠቀጣል። እናቱን ከቀበረ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቂሙ ከልቡ የወጣ ያን ዕለት ይመስለኛል። መሐላው ግን እዚያው ነበር፤ በሳቅ የሚፈታ መሐላ ደግሞ የለም።

ፓቬል በጉን በጭስ አድርቆ ለብቻው በላው። ብቻውን ገበታ ላይ ተቀምጦ ሲያኝክ ማየት ያሳዝን ነበር፤ በሳቅ የጀመርኩትን ወሬ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ስደርስ አቋርጠዋለሁ፤ ዛሬ ግን ልጨርሰው።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮ ያለችው ስልክ ጮኸች። ከአዲስ አበባ ነው። የፓቬል እናት አርፈዋል፤ ከተቀበሩም ቆይተዋል፤ ወሬው ዘግይቶ ነው የደረሰው። ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩ፤ እሱ ጋሽ ይማምን አስጠራ። በዕድሜም በነገርም ትልቃችን እሱ ነው።

ጋሽ ይማም በእጁ የያዘውን መፍቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ፣ «አሁን እንዳትነግረው። ነገ ጎሕ ሲቀድ» አለ።

«እነሱ አገር እንደዚህ አይደለም፤ ወዲያው ነው የሚነገር» አልኩ።

«እሱ ያለው እኛ አገር ነው። መርዶ እንደ ደረቅ ወሬ አይወረወርም።»

«ማን ይንገረው?»

«እኔ።»

«መሐላህስ?»

«መሐላዬን ለኔ ተዉልኝ።»

ያን ከሰዓት አልረሳውም። ነገሩ በፋብሪካው ሲሰማ ሰው ሁሉ ማር ሆነ። ሰላም የነሱት ሁሉ ተራ ገብተው ስለ ትከሻው ጠየቁት። ካድሬው ሳይቀር አቅፎ ሳመው። አያ ወርቁ የምሳውን ትራፊ ፈትቶ «እንብላ፣ ጳውሎስ» አለና፣ ራሱ አንድም ሳይጎርስ ሁሉንም ወደሱ ገፋለት። እትዬ ዘነቡ ድስታቸውን ረስተው ማር በሳህን አቀረቡለት። ፓቬል በደስታ የሚሆነውን አጣ። አመሻሽ ላይ ቤቱ ወሰደኝና ያስቀመጣትን ቢራ ከፈተልኝ።

«አየህ? ይቅር አሉኝ!» አለ። «ምን አድርጌ ይሆን? በጉ ገብቷቸው ይሆን?»

እንደዚያ የመረረኝ ቢራ ጠጥቼ አላውቅም።

ጎሕ ሲቀድ ሄድን። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ግቢውን ሞላነው። ጋሽ ይማም በሩን አንኳኳ። ፓቬል በዚያው በቁምጣው ከፈተ። ጋሽ ይማም «ቢስሚላህ» አለና የበሩን ደፍ ተሻግሮ ገባ። ፓቬል መሐላውን ያውቅ ነበር። መጀመሪያ ያየው የይማምን እግር ነው፤ የራሱ ወለል ላይ። «ይማም! ይማም ገባ!» ብሎ ወደ እኔ ሳቀ። ከዚያ ከኋላው ፊታችንን አየ። ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ማን ነው?» አለኝ በቋንቋው።

ጋሽ ይማም ተርጓሚ አልጠበቀም። ሁለት እጆቹን ያዘና፣ «ጳውሎስ፣ እናት» አለው። «የኔ እናት። ያንተም እናት።» ፓቬል ገባው። ሰው ሁሉ አለቀሰ።

ረፋዱ ላይ ቤቱ በሰው ጢም አለ። ፓቬል በሰው መሐል ተቀምጦ፣ «ንገራቸው፣ አመሰግናለሁ፤ አሁን ግን ብቻዬን ልሁን። ይሂዱልኝ» አለኝ። ለጋሽ ይማም ነገርኩት።

«ሐዘንተኛ የሚለው አይሰማም» አለ ጋሽ ይማም፣ ጋቢውን እያመቻቸ። «አንሄድም በለው።»

«አንሄድም ይላል» አልኩት።

ፓቬል አየን፤ አንድ በአንድ አየን። ከዚያ ሲተነፍስ ትከሻው ወረደ፤ ዳግመኛም ሂዱልኝ አላለም። ከየቤቱ ምግብ መጣ፤ ሁሉም በየወገኑ በላ፣ ሐዘንተኛውንም አበላ። ጋሽ ይማም ብቻ አልነካም። በማግስቱም አልነካም። ፓቬል ይህን አየና ምን ሆኖ ነው ብሎ ጠየቀኝ።

«ቤትህ ላልገባ በአላህ ምሎ ነበር። ገባ። ድሃ መግቦ እንዳይክስ አቅም የለውም፤ እናም ሦስት ቀን ይጾማል። ከፋራ ይሉታል።»

«በኔ ምክንያት?»

«በእናትህ ምክንያት።»

ፓቬል የቀረበለትን ሳህን ሳይነካ ወደ ጎን አደረገና ከይማም ጋር የፀሐይዋን መግቢያ ጠበቀ። በምንም የማያምነው ሰው ያን ቀንም ሆነ በማግስቱ ጾሞ ዋለ። የማታው አዛን ሲሰማ ሊያፈጥር ከይማም ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ቢሮ መጣና፣ «ኩታበር አሁን ብሄድ ረፍዶብኛል?» አለኝ።

«ለቅሶ አይረፍድም» አልኩት።

በፋብሪካው ላንድሮቨር ሦስታችን ሄድን። ጋሽ ይማም ከፊት ተቀምጧል። ሐረጎን ስንወጣ ለፓቬል ወጉን አስጠናሁት። «ስትገባ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ታለቅሳለህ። እንባ ካልመጣልህ ፊትህን በእጅህ ትሸፍናለህ። ‹በቃ› ሲሉህ ትቀመጣለህ።»

«ስንት ደቂቃ?» አለኝ፤ ከልቡ ነው። ጋሽ ይማም ምን እንዳለ ጠየቀኝ። ስነግረው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

የጋሽ ይማም እህት ዘሀራ እናቷ ቤት በር ላይ ቆማ ተቀበለችን። ፓቬል ጎንበስ ብሎ ገባ። እንዳስጠናሁት ፊቱን በሁለት እጆቹ ሸፈነ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ድምፁ ወጣ። የቤቱ ሰው «በቃ፣ በቃ፣ አብሽር» አለው። አላቆመም። ደግመው አሉት፤ አላቆመም። ያ ረጅም ሰው መደቡ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ዘሀራ ግራ ተጋብታ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ይሄን ያህል ያውቃት ነበር እንዴ?» አለችው በሹክሹክታ።

«ያውቃታል» አለ ጋሽ ይማም፤ ሄዶም አጠገቡ ተቀመጠ።